ከሦስተኛው ጉድጓድ የወጣች ሄሊኮፕተር

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ እኔን ሊያይ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ እንኳ ፀጉሬን አበጥሬ በር ላይ እቆማለሁ። እናቴ "ይቺ ልጅ የቀራት ሹመት ብቻ ነው" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ይህን የማወራው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። ባለ ቦርሳው ሰውዬ ያንኳኳ ቀን ምን ዓይነት ልጅ በር እንደከፈተችለት እንዲታወቅልኝ ብዬ ነው።

አባቴ ድንጋይ ሰንጣቂ ነበር። የሚሠራበት የድንጋይ ካባ ከሰፈራችን በላይ ነው፤ ቤታችንም፣ የጎረቤቶቻችን ቤትም፣ መንገዱም፣ ቧንቧውም የካባው ንብረት ነበር። የሚወጣው ድንጋይ ለወለል ንጣፍ የሚሆን፣ በስሱ የተደራረበ ግራጫ ድንጋይ ነው። ከመሬት ሲወጣ እርጥብ ነው፤ ከደረቀ ግን በፈለገው በኩል ይሰነጠቃል እንጂ ሰው አይሰማም። ስለዚህ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ያቆዩትና ተራው ሲደርስ ጠርዙን በጠፍጣፋ መሮ ዙሪያውን ቀስ እያሉ ይነካኩታል። አባቴ ከመዶሻው ይልቅ በጆሮው ነው የሚሠራው ይባል ነበር። ድምፁ ሲወፍርለት መሮውን ትንሽ ያዘነብላል፤ ያኔ ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል።

በአንዳንዱ ገጽ መካከል ነፍሳት ነበሩ። ትንኝ፣ ጥንዚዛ፣ ጉንዳን፣ አንዳንዴም እግሯን እንዳጠፈች የቀረች ፌንጣ። የእግራቸው ፀጉር ሳይቀር ይታያል። የክንፋቸው ሥር በቀጭን እርሳስ የተሳለ ይመስላል። ለካባው ግን ነፍሳት ያለበት ድንጋይ ብልሽት ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ስለሚሳሳ ሲነጠፍ ይሰበራል። ካቦው፣ ያ ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ ሰው፣ ገና ከሩቅ ሲያየው "ዝንባም ነው፣ ጣለው" ይላል። አባቴ ከተጣለው ቁልል እየመረጠ ለእኔ ያመጣልኛል። አልጋዬ ሥር በሳሙና ካርቶን ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ።

"አባዬ፣ ይሄ ትንኝ ስንት ዓመቱ ነው?"

"እኔ እንጃ። ትልቅ ሰው ነው።"

"ካቦውን ይበልጠዋል?"

"ካቦውንም፣ የካቦውን አያትም ይበልጣል። ጸባዩም ከእሱ ይሻላል፤ ዝም ብሎ ነው የሚተኛው።"

እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና "አፍህን ሰብስብ፣ ግድግዳው ስስ ነው" ትለዋለች፤ እሷም ግን ፊቷን አዙራ ትስቃለች። አባቴ እኔን "ጉንዳኔ" ይለኝ ነበር፣ ያገኘሁትን ሁሉ አልጋዬ ሥር ስለምከምር። ከእሱ በኋላ በዚህ ስም የጠራኝ ሰው የለም።

አንድ ሰሞን ግን ነገሩ ተለወጠ። ከሙዚየም ሰዎች መጡና ቁልሉን አይተው ሄዱ ተባለ፤ ነፍሳቱ እጅግ የጥንት እንደሆኑና እንዲህ ሳይበላሹ የቆዩ በሌላ ቦታ ብዙም እንደማይገኙ ተወራ። ያን ጊዜ "ዝንባም" የሚለው ቃል ከካቦው አፍ ጠፋ። ሰንጣቂዎቹም የራሳቸው ወግ አበጁ። ድንጋዩ ሲከፈት ነፍሳቱ በአንዱ ገጽ ላይ ይቀራል፣ በሌላው ገጽ ላይ ደግሞ ያረፈበት ቅርጽ። አካሉ ያለበትን "እናት"፣ ቅርጹ ብቻ የቀረበትን "ልጅ" ይሉታል። እናት ለቢሮ ትሄዳለች፤ ልጅ ለከፈታት ሰው ትሰጣለች። የጻፈው ሰው ባይኖርም ሁሉም ያውቀው ነበር።

"አንድ ቀን ስለ ነፍሳት የተማረ ሰው ቦርሳ ይዞ ይመጣል፣" አለኝ አባቴ። "የአንቺንም ያይልሻል። ጥሩ የሆነውን ወስዶ መስታወት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከሥሩ ስም ይጻፋል።"

"የማን ስም?"

"ያገኘው ሰው ነዋ።"

"የአንተ?"

"እኔ ካገኘሁት የእኔ። ለምን የካቦው ይሆናል?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምጠብቀው ያንን ሰው ነበር።

ካርቶኔ ውስጥ የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እኛ ልጆች ሄሊኮፕተር የምንላት፣ ኩሬ ላይ የምታንዣብብ፣ አራት ክንፍና ረጅም ጭራ ያላት ነፍሳት። አባቴ ከድሮው ሦስተኛ ጉድጓድ ሥር፣ ከታችኛው ድርብርብ ውስጥ እንዳያት ነግሮኝ ነበር። ጉድጓዱ ከዝናቡ በኋላ በሽቦ ታጥሯል፤ ቀይ ሰሌዳም ተሰቅሎበታል። እኔ ግን ጧትና ማታ "ሄሊኮፕተሬስ?" እያልኩ ነዘነዝኩት።

እሑድ ከሰዓት ካቦው ቤታችን መጣ። እኔ ጠረጴዛ ሥር ድንጋዮቼን በመጠን እየደረደርኩ ነበርና የሚታየኝ የጫማው አፍንጫና የአባቴ ባዶ እግር ብቻ ነው።

"ሁለት ቀን ብቻ ነው የምልህ፣" አለ ካቦው። "የሙዚየሙ እንግዶች ረቡዕ ይገባሉ። የካባው ባለቤት ደህና ነገር አሳዩልኝ ብሏል። ትንኝ እናሳያቸው?"

"ካቦ፣ ሦስተኛው ታጥሯል እኮ። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሳጠሩት።"

"ያሳጠርኩት እኔ፣ የማስከፍተው እኔ።"

"ግድግዳው ያልበዋል። ትናንት በአጠገቡ ሳልፍ አይቼዋለሁ፣ ከላይ እስከ ታች ረጥቧል። ትንሽ ይድረቅ።"

"እስኪደርቅ እንግዶቹ ይሄዳሉ።"

"እንግዲያው ሌላ ሰው ይውረድ።"

"ሌላው ይሰብረዋል። የአንተን እጅ ነው የምፈልገው።" የካቦው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ዞር ዞር ብሎ ቤቱን እያየ ነበር መሰለኝ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ እናቴን ጠየቃት። "ቤቱ ተመችቷችኋል አይደል? ጣሪያው አያፈስም?"

"አያፈስም፣" አለች እናቴ።

"ጥሩ ቤት ነው። ብዙ ሰው ይፈልገዋል።"

ካቦውን የወደድኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ቤታችንን ሲያመሰግንልን ደስ አለኝ። እናቴ ሻይ ሳትቀዳለት በመቅረቷም አፈርኩባት። ወጥቶ ሲሄድ ከጠረጴዛው ሥር ብድግ ብዬ አባቴ ጉልበት ላይ ተንጠለጠልኩ።

"ሦስተኛው ጉድጓድ ልትገባ ነው? ሄሊኮፕተር ታመጣልኛለህ?"

አባቴ እናቴን አያት፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። "አመጣልሻለሁ ጉንዳኔ፣" አለኝ። እኔም የወረደው ለእኔ ብሎ እንደሆነ ለዓመታት አመንኩ። ያን ሁሉ ንግግር በጆሮዬ ሰምቼ፣ የያዝኩት የራሴን ልመና ብቻ ነበር።

ሰኞ ማታ በሸሚዙ ጠቅልሎ አመጣት። ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋት አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መዳፌን የምታህል ነበረች። አራቱ ክንፎቿ ተዘርግተዋል፤ በክንፎቿ ላይ ያሉት መስመሮች ተቆጥረው አያልቁም። ትንሽ ቆይቼ ግን ጣቴን ሳሳርፍባት ጎድጓዳ ሆነችብኝ።

"ልጅ ናት እንዴ?"

"ልጅ ናት። እናቲቱን ካቦው ከእጄ ነጥቆ ቢሮ ወሰዳት። ሲሮጥ ብታዪው፣ እኔ እንኳ ያ ሆድ እንደሚሮጥ አላውቅም ነበር።"

አልሳቅኩም። ከንፈሬን ጣልኩ። ለካቦው ሙሉውን፣ ለእኔ ባዶ ቅርጽ። "እኔ እናቲቱን ነው የምፈልገው፣" አልኩት። "ነገ ሌላ አምጣልኝ።"

"ነገም እወርዳለሁ መቼስ፣" አለ። እጁን ሊታጠብ ተነሳ። አመሰግናለሁ አላልኩትም። በሕይወቱ ከእኔ የሰማው የመጨረሻ ነገር ያ ነው፤ ጧት ሲወጣ ተኝቼ ነበር።

ማክሰኞ ትምህርት ቤት ሳለን ከካባው በኩል የከባድ መኪና ድንጋይ ሲራገፍ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ። መምህራችን ጠመኔዋን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ሄደች። ማንም ምንም አልነገረኝም። ቤት ስደርስ በሩ ክፍት ነው፤ የአባቴ ምሳ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ስከፍተው አልተነካም። ምሳውን ረስቶ ወጣ ማለት ነው ብዬ ተቀምጬ ከላዩ ላይ ቀማመስኩለት።

ወደ ማምሻው አራት ሰዎች በቃሬዛ ይዘውት መጡ። በእርጥብ ጆንያ ሸፍነውት ነበር። እናቴ ስትጮህ፣ ጎረቤቶች ሲይዟት አያለሁ፤ እኔ ግን ያን ያህል አልደነገጥኩም። ጆንያው እርጥብ ስለሆነ ተረጋጋሁ። እንዳይሰነጠቅ ነው ያረጠቡት፣ ተራው ሲደርስ ይከፍቱታል ብዬ አሰብኩ።

ረቡዕ ሽቦው ተመልሶ ታጥሯል፤ ቀዩ ሰሌዳም በቦታው ተሰቅሏል። እንግዶቹ በሁለት መኪና መጥተው ቢሮ ገቡ። ሰፈሩ ውስጥ ሰዎች በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። "አጥር ዘሎ ነው የገባው ብለዋል።" "ማን ነው ያለው?" "ቢሮው ነዋ።" ሰንጣቂዎቹ ለለቅሶ መጥተው አጎንብሰው ተቀመጡ፤ አንዳቸውም እናቴን ቀና ብለው አላዩዋትም። ያኔ ስለ አባቴ አዝነው መስሎኝ ነበር። አዝነዋልም፤ ግን እነሱም የሚያድሩት በካባው ቤት ነው።

ባለ ቦርሳው ሰውዬ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። እናቴ ቢሮ ደጅ ልትጠና ሄዳ ብቻዬን ነበርኩ። ሲያንኳኳ ከፈትኩ። መነጽር አድርጓል፤ ቡናማ ቦርሳ ይዟል፤ ደብተርም አለው። አባቴ የነገረኝ ሰውዬ ነው።

"እናትሽ የለችም?"

"ትመጣለች። ይግቡ።"

ከመድን ድርጅት እንደመጣ ነገረኝ። መድን ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኩትምም። "አባትሽ ድንጋይ ያመጣልሽ ነበር አሉ፣" ሲለኝ ግን ጥርጣሬ የሚባል ነገር ከልቤ ወጣ። ካርቶኑን ጎትቼ አወጣሁ። ትንኟን፣ ጥንዚዛውን፣ ፌንጣዋን አንድ በአንድ አሳየሁት። በደንብ ያያል፤ አይቸኩልም። እንደ ትልቅ ሰው ነው ያናገረኝ። በመጨረሻ ሄሊኮፕተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

"ይቺ ከየት ናት?"

"ከሦስተኛው ጉድጓድ።"

ብዕሩን አነሳ። "መቼ አመጣልሽ?"

"ሰኞ።"

"ለምን ወረደ? የላከው ሰው ነበር?"

"ለእኔ ብሎ ነው፣" አልኩ። "ለምኜው።"

ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ድንጋዩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጎድጓዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። "እነዚህ ድንጋዮች ሁለት ግማሽ አላቸው ይባላል። የዚህ ሌላው ግማሽ የት ነው? ቢሮ ወስደውታል?"

እናቲቱ ቢሮ ናት ካልኩት ወደዚያ ይሄዳል። ሙሉዋን ካየ የእኔን ባዶ ቅርጽ ምን ያደርግለታል? መስታወት ውስጥ የምትገባው የካቦው ናት፤ የሚጻፈውም የካቦው ስም ነው።

"ሌላ የላትም፣" አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ? አስቢበት እስቲ። ለቢሮ የሰጠው የለም? ለካቦው?"

"የለም። አባቴ ለእኔ ብቻ ነው ያወጣት። ማንም አያውቅም።"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዋሸሁ። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አየኝ። ዛሬ ያ አስተያየት ይገባኛል፤ ሁለት ጊዜ በሩን ከፍቶልኝ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ እኔው መልሼ ዘጋሁት። ካቦው ሰኞ ዕለት እናቲቱን ከአባቴ እጅ ተቀብሎ ከነበረ፣ አባቴ የት እንደሚሠራ ቢሮው ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሰውዬው የሚፈልገው ይህንኑ አንድ ቃል ነበር፤ በእሱ ካሣ ይከፈለን ነበር። ቃሉ ያለው ደግሞ ከሰፈሩ ሁሉ ቤት መነጠቅ የማያስፈራት አንዲት ልጅ አፍ ውስጥ ነው።

"የአባቴን ስም ይጽፉታል?" ብዬ ጠየቅኩት።

"እጽፈዋለሁ፣" አለኝ። ሙሉ ስሙን ነገርኩት፤ ፊደሉን እንዳይሳሳት አንገቴን አስግጌ አየሁለት። አመስግኖኝ ወጣ። ድንጋዩን አለመውሰዱ ትንሽ ገረመኝ፤ ሌላ ቀን በመኪና ይመጣበታል ብዬ ተጽናናሁ።

እናቴ ስትመለስ መንገድ ላይ አይታው ኖሮ እየሮጠች ገባች። "ምን ጠየቀሽ?"

በኩራት ነገርኳት። ሁሉንም፣ ሌላ ግማሽ የላትም ያልኩትንም ጭምር። በብልጠቴ የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መልሳ አደረገችው። ከዚያ ተነስታ ወጣች። በኋላ እንደሰማሁት ሰውዬውን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጣ አልደረሰችበትም። በማግስቱም ከተማ መድን ድርጅቱ ድረስ ሄዳ ነበር፤ "ልጅሽ የተናገረችው ነው የሚታመነው፤ አንቺማ ትጠቀሚበታለሽ" አሏት።

ከወር በኋላ ከካባው ቢሮ የመድኑን ውሳኔ የያዘ ወረቀት መጣ። ጎረቤታችን በር ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበልን። "ያለ ፈቃድ"፣ "በግል ፍላጎት"፣ "በታጠረ ሥፍራ" የሚሉ ቃላት ትዝ ይሉኛል። የአባቴ ስም ሦስት ጊዜ ተነበበ። ሰውዬው ቃሉን ጠበቀ ብዬ ደስ አለኝ። ጎረቤቱ አንብቦ ሲጨርስ እናቴን "ቤቱን በአሥራ አምስት ቀን ልቀቁ ይላል" አላትና ወረቀቱን እጇ ላይ አድርጎ ሄደ።

አክስቴ ዘንድ ገባን። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሆነን ነበር የምናድረው። እናቴ የሰው ልብስ አጠበች፤ እጇ ሲላጥ አየሁ። አንድም ቀን ግን ያንን ነገር አላነሳችብኝም። የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ። ለምን እንደተጣላን እንኳ አላስታውስም፤ የሳህን ነገር መሰለኝ። "አንቺ ደግሞ አፍ አለኝ ትያለሽ?" አለችኝ። "በዚሁ አፍሽ አይደል አባትሽን አጥር ዘላይ አድርገሽ፣ እናትሽን ከቤቷ ያስወጣሽው?"

እናቴ ማጠቢያው ላይ እንዳጎነበሰች "ዝም በይ፣ ልጅ ናት" አለቻት።

"ያኔ ልጅ ነበረች።"

"አሁንም ልጅ ናት። ሁልጊዜም ልጅ ናት። ሁለተኛ እንዳትደግሚው።"

ካቦው ስለ ጣሪያችን የጠየቀው፣ ሰንጣቂዎቹ ያጎነበሱት፣ ሰውዬው ሁለት ጊዜ የጠየቀኝ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። የዚያኑ ቀን ሄሊኮፕተሯን አውጥቼ ከደጃፉ ድንጋይ ጋር ላጋጫት ስል እናቴ ከእጄ ወሰደችብኝ። የት እንዳደረገቻት አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ይቅርታ ልጠይቃት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስንት ጊዜ ስለ ጨውና ስለ ሳሙና እንዳወራሁ እኔ ነኝ የማውቀው። እናቴ ባለፈው ዓመት ሞተች፤ አልጠየቅኳትም።

ሣጥኗን ስከፍት ድንጋዩ ከሥር ነበር፣ በአባቴ የሥራ ሸሚዝ ተጠቅልሎ።

ሙዚየሙ የሚገኘው ልብስ ከምሰፋበት ሱቅ በአውቶቡስ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በደጃፉ እያለፍኩ ገብቼ አላውቅም። ወደ ኋላ ክፍል የመራችኝ የዕቃ ጠባቂዋ ወጣት ናት፤ የእኔ ልጅ ብትሆን ያስኬዳል። ጨርቁን ስፈታላት ወዲያው አወቀቻት። ጓንት አጠለቀች፤ ከሰፊ መሳቢያዎች አንዱን ሳበች፤ እናቲቱን አወጣች።

ስትገጣጥማቸው ድምፅ አልነበረውም። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ከጨርቅ ስገጥም ኖሬያለሁ፣ እንዲያ ያለ መገጣጠም ግን አላየሁም። ልጅቷ በደስታ ታወራለች። ካባው ድሮ የሐይቅ ዳር እንደነበር፣ ድንገት አመድ ወርዶ እንደሸፈናት፣ ቶሎ ስለተቀበረች አየር ሳያገኛት ክንፏ ሳይበላሽ ይህን ሁሉ ሚሊዮን ዓመት እንደቆየች። እኔ ካርዱን እያነበብኩ ነበር። "ሦስተኛ ጉድጓድ። በካባው ቢሮ የተበረከተ።" ከጎኑ ቢሮው የተረከበበት ቀን አለ። ሰኞ። አባቴ ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት። ያ ሁሉ ዓመት እዚህ መሳቢያ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል፤ እናቴ ደግሞ ከዚህ በግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ የሰው አንሶላ ታጥባለች።

ከሥሩ አንድ መስመር አለ። "ያገኘው ሰው፦ አይታወቅም።"

"ያገኙት እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"አባቴ ነው።"

"ስማቸውን ይንገሩኝ፣ እጽፈዋለሁ።"

አንዴ ለሰው ነግሬ አስጽፌዋለሁ። "እኔ ልጻፈው" ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ግራ ገብቷት ብዕሩን ሰጠችኝ። "አይታወቅም" የሚለውን ሰረዝኩና ሙሉ ስሙን ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ "በካቦው ታዝዞ የወረደ" ብዬ ጨመርኩ።

ልጅቷ አነበበችው። "ይቅርታ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካርዱ ላይ ስናሰፍር ማረጋገጫ ያስፈልገናል፣" አለች በትሕትና። "መታዘዛቸውን በምን አወቁ?"

"ሲያዝዘው ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ እሰማ ነበር፣" አልኳት።